በገበሩ ውስጥ የተሰፋው ጸሎት

ተናኘወርቅ «ተይ» ማለት ታውቅበታለች። ግን ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ነርስ ሆና የራሷን ቤት ኪራይ ስትከፍል፣ «ተይ» የሚሉት ቃል ጉልበቱ ያልቃል። ኑሃሚን ከጓደኞቼ ጋር ኮሎራዶ ሄጄ ስኪ ልሸራተት ነው፣ ያውም ሰው በሚበዛበት ሳይሆን ማንም ባልረገጠው የተራራ በረዶ ላይ ስትላት፣ ተናኘወርቅ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ግን ጃኬትሽን አምጪው፣ ዚፑ ላልቷል፣ ላስተካክልልሽ አለች።

ዚፑ ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትላንታ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች የጸሎት ቡድን አለ፤ መሪዋ እትዬ ሸዋነሽ ናቸው። የአንዷ ልጅ መንገድ ከወጣ እናቶቹ ሰዓት ተከፋፍለው ሰንሰለት ጸሎት ይይዛሉ፤ ልጁ እስኪመለስ ሰንሰለቱ አይበጠስም። ችግሩ፣ ግማሾቹ ከከተማው ዳር ዱሉዝ ባለ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ፣ ግማሾቹ ኤርፖርት ናቸው፤ ሰው የማይገኝለት ሰዓት አለ። እትዬ ሸዋነሽ ለዚህም መላ አላጡም። የሁሉንም ጸሎት የክብሪት ቀፎ በምታክል አንዲት የድምፅ ማጫወቻ ላይ አስቀዱና ተጓዡ ኪሱ ከቷት እንዲሄድ አደረጉ። ባትሪዋ አራት ቀን ይቆያል። ኑሃሚን ግን ማጫወቻዋ ስትሰጣት አገላብጣ አየቻትና፣ እማ እኔ ልጅ አይደለሁም ብላ መለሰቻት።

ተናኘወርቅ ደግሞ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ያላት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ ከእጇ ያልተለየ ሴት ናት። የጃኬቱን ገበር ደረቱ ጋ ተረተረችው፤ ማጫወቻዋን ከፈተች፣ ድምጿን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገች፣ በስስ ስፖንጅ ጠቅልላ መልሳ ሰፋችው። ፋብሪካው ራሱ ቢያየው ስፌቱ የእኔ ነው ይላል። ኑሃሚን ምንም ሳታውቅ ሐሙስ ዕለት በረረች።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ርብቃ በክራንች እያነከሰች ሱቁ ገባች። ርብቃ የኑሃሚን የሥራ ባልደረባ ናት፤ ጉልበቷን ባትጎዳ ኖሮ አብራቸው ትሄድ ነበር። የመጣችው ሊያጥር የሰጠችውን የሥራ ሱሪ ልትወስድ ነው። እዚሁ አትላንታ ስላደገች ትልቅ ሰውንም «አንቺ» ትላለች፤ ተናኘወርቅ መቆጣቱን ከተወችው ቆይታለች።

ልጄ ከነጋ ስልክ አታነሳም ብላ ተናኘወርቅ አማረረች። ርብቃ ሳቀች። ስልክማ ያጠፋሉ፣ ግዴታ ነው አለችና ሱሪውን እያየች አስረዳቻት። እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ ቢከን የሚባል መሣሪያ ያስራሉ። ቢከኑ ሳያቋርጥ ምልክት ይልካል። የበረዶ ናዳ መጥቶ አንዱን ቢቀብረው፣ የተረፉት የራሳቸውን ቢከን ወደ ፍለጋ ይቀይሩና ከበረዶው ሥር የሚመጣውን ምልክት ተከትለው ይቆፍራሉ። ያላቸው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ታዲያ አጠገቡ ስልክ ወይም የሚሞቅ ጓንት ካለ ቢከኑ ይምታታበታል፤ የሌለ ሰው አለ ይላል፣ ያለውን ይስታል።

«ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ?» አለች ተናኘወርቅ።

«ኦልሞስት ሁሉም። ክንድ ያህል መራቅ አለበት። ደረት ላይማ ኔቨር።»

ተናኘወርቅ ክው አለች። መቀሷን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ልጄን በገዛ እጄ አለች በልቧ፣ በገዛ መርፌዬ። እንዲያው ለወሬ ያህል መስላ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ሰው ቢቀበር አይገኝም ወይ ብላ ጠየቀች።

ምልክት መላኩ ያን ያህል አይበላሽም፣ የተቀበረውን ሌሎቹ ያገኙት ይሆናል አለች ርብቃ። የሚብሰው ፈላጊው ላይ ነው። ዕቃውን የያዘው ፈላጊው ከሆነ ጓደኛውን አያገኝም።

ተናኘወርቅ እፎይ አለች። አምላክ ይቅር ይበላት፣ እፎይ አለች። የእኔ ልጅ ትገኛለች ብላ ተነፈሰች። ትንፋሹን ሳትጨርስ ግን ሕዝቅያስ ትዝ አላት። ሕዝቅያስ የእትዬ ሸዋነሽ አንድ ልጅ ነው፤ ከኑሃሚን ጋር ከሄዱት ሁለት ሰዎች አንዱ። እሱ ቢቀበር ከሚፈልጉት ሁለቱ አንዷ ኑሃሚን ናት። አራት ሰዓት ደግሞ የእትዬ ሸዋነሽ ተራ ነው፤ በዚህች ደቂቃ ሳሎናቸው ውስጥ ተንበርክከው ኑሃሚንን ጠብቅልን እያሉ ነው። ከራሳቸው ልጅ የሰው ልጅ ማስቀደም ልማዳቸው ነው። ተናኘወርቅ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቢሆንም ዝም ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ናዳ በየቀኑ አይወርድም፤ ማክሰኞ ይመለሳሉ፤ ገበሩን ተርትራ ታወጣዋለች፤ ማን ያያል? ርብቃ ከሰማች ኑሃሚን ትሰማለች፣ ኑሃሚን ከሰማች ሁለተኛ ልብሷን ለእናቷ አትሰጥም። ቤተ ክርስቲያኑም ይሰማል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያልሰማው ነገር ኖሮ አያውቅም። ርብቃ ሱሪዋን አጣጥፋ ክራንቿን ስታነሳ ግን ተናኘወርቅ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ርብቃ፣ ቁጭ በይ» አለች። «ጉድ ሠርቻለሁ። ጃኬቷ ውስጥ የጸሎት ማጫወቻ ሰፍቻለሁ። ደረቷ ላይ ነው። አሁንም አልጠፋም።»

ርብቃ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ስልኳን አወጣች። የኑሃሚን ዝግ ነው። የሕዝቅያስም ዝግ፣ የሦስተኛዋ የማሂም ዝግ። ሲነሱ ቢከናቸውን ቼክ ያደርጋሉ፣ ግን አንዳንዴ ምልክት መላኩን ብቻ አይተው፣ ፍለጋውን ሳይሞክሩ ያልፋሉ አለች። ከዚያ ዕቅዱ ትዝ አላት። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የት እንደሚሄዱ ጽፈው ለአንድ ሰው ይተዋሉ፤ የእነኑሃሚን ወረቀት የተላከው ለእሷ ነው። መኪና የት ፓርክ እንደሚያደርጉ፣ ያደሩበት ሎጅ ስልክ፣ ሁሉም አለበት። እዚያ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ተስፋ አለ ብላ ሎጁ ደወለች። ባለቤትየዋ አነሳች፤ ከወጡ ሃያ ደቂቃ ሆኗቸዋል፣ መኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው፣ ራሴ ነድቼ አያለሁ አለች።

ጠበቁ። ተናኘወርቅ ልጸልይ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የልጇን ስም ልትጠራ ስትል የሕዝቅያስ ይቀድማታል። አንዲት ደንበኛ የሚጠብ ቀሚስ ይዛ ገባችና የተናኘወርቅን ፊት ስታይ በኋላ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ርብቃ ደግሞ ልደውል ስትል ስልኩ ራሱ ጮኸ፤ ድምፁን ለሁለቱም ከፈተችው።

«እማ» አለች ኑሃሚን። ከኋላዋ ነፋስ ይሰማል። «ስኪያችንን አስረን ልንነሳ ስንል ነው ሴትዮዋ የደረሰችብን። ገበሩን በቢላ ቀደድኩት። ያንቺ ስፌት እኮ አይፈታም።»

ተናኘወርቅ ተመስገን አለች። ደግማ ተመስገን አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኑሃሚን ግን ቁጣዋን ይዛ ነበር የደወለችው፤ አወረደችው። ሴትዮዋ ከነገረችን በኋላ፣ ገበሩን ሳልቀድ፣ ማሂ ለሙከራ ትርፍ ቢከን በረዶ ውስጥ ቀብራ ፈልጊ ብላኝ ነበር አለች፣ ማጫወቻዋ ደረቴ ላይ እያለች። ርቀት የሚያሳየው ቁጥር እየዘለለ ወስዶ ከዛፍ ጋር አጋጨኝ። መኪናው ውስጥ ከተውኳት በኋላ ግን ቀጥ ብዬ ሄጄ አወጣሁት። ብትነግሪኝ ምን ነበር፣ ልብሴ ውስጥ ሳላውቅ ትሰፊያለሽ፣ ሰው ሊሞት ይችል ነበር እኮ አለች። ተናኘወርቅ ሁሉንም ሰማች። እንዲህ ብዬ ነው፣ እንዲያ ብዬ ነው አላለችም። እውነትሽን ነው አለች፤ አጠፋሁ አለች። ኑሃሚን እናቷ አጠፋሁ ስትል ከዚህ በፊት ሰምታ አታውቅም።

«ርብቃ ናት ያወቀችው?» አለች ድምጿ ለስልሶ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለች ተናኘወርቅ።

ሕዝቅያስ ከጎን አንድ ነገር አለ፤ ኑሃሚን ሳቀች። ለእናቴ አልናገርም ይላል አለቻት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ተናኘወርቅ። «ዛሬውኑ፣ ቤታቸው ሄጄ።»

እንሂድ፣ ፀሐዩ በረዶውን ሳያላላው እንውጣ የሚል የማሂ ድምፅ መጣ። ኑሃሚን እሺ አለች፣ ግን ስልኩን አልዘጋችም። እስከ ከሰዓት በኋላ በስልክ አትገኝም፤ ከተራራው ሳትወርድ ድምጿ አይሰማም።

«እማ፣ ስልኩን አሁን ባጠፋው ትጨነቂያለሽ አይደል?»

«እጨነቃለሁ» አለች ተናኘወርቅ። «አጥፊው።»