በስልክ የተጠና ወረብ

መርስዔ ኀዘን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ በፊት ግን ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ላይ፣ ከየኔታ ኪዳነ ወልድ እግር ሥር ሰባት ዓመት ዜማ ተምሯል። ኑሮ ወደ ከተማው ከሳበው ወዲህ «ለደብሩ በዓል እመጣለሁ» እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። ጀልባው በየቀኑ ይመላለሳል፤ እሱ ግን ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

አምና የኔታ ወረብ ሲያዜሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አገኘ። የቀረጸው ዘጌ አብሮት የተማረው የጥንት ጓደኛው አካሉ ነው። መርስዔ የሰው ሥራ ሳያስፈቅድ መውሰድ ነውር መስሎ ታየውና ደወለለት።

«ድምፁን ብቻ ለይቼ ስልኬ ላይ ላስቀምጠው?»

«ለራስህ ለማዳመጥ ከሆነ ፈቅጃለሁ። ለሌላ ሰው ግን እንዳታስተላልፍ» አለው አካሉ።

እንደተባለው አደረገ። ለማንም አልላከም። ተሳፋሪ ሲጠፋ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ወረቡ በቃሉ እስኪወጣው ድረስ ሰማ። በልቡም «ከየኔታ አልተለየሁም» ይል ነበር።

ዘንድሮ በበዓሉ ዋዜማ ተሻገረ። ከቀትር በኋላ ሊቃውንቱ ከዛፍ ሥር ሲለማመዱ አብሯቸው ቆመ። የኔታ ዓይናቸው ቢደክምም ድምፁን ለዩት።

«መርስዔ ነህ? እስቲ ምራ!»

መቋሚያውን ተደግፎ ጀመረ። ድምፁ ያምር ነበር። አንዱን ቃል መካከሉ ላይ ቆረጠና ትንፋሽ ወስዶ ቀጠለ። ሲደግመውም እዚያው ላይ ቆረጠ። ከጎኑ የቆሙት መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ መቁረጥ ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።»

«እኔ እንዲህ አላስተማርሁህም።»

መርስዔ ቪዲዮውንም፣ የአካሉን ፈቃድም፣ ስልኩንም ሳይደብቅ ተናገረ። የኔታም መለሱለት።

«ያ ዜማ አይደለም ልጄ፤ ሕመም ነው። አምና ደረቴን ይዞኝ ቃል መጨረስ አቅቶኝ ነበር። ያስታመመኝ አካሉ ነው፤ ‹ድምፅዎ እንኳ ይቀመጥልን› ብሎ የቀረጸኝም ያኔ ነው።» ቀጥለውም «በየቀኑ ትሰማኝ ነበር?» አሉት።

«በየቀኑ።»

«ታዲያ መታመሜን አልሰማህም?»

መርስዔ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያን ትንፋሽ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ጌጥ መስሎት በጉሮሮው አስማምቶታል። አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነው ይሆን?» አላለም፤ ለአካሉ ሲደውልም ስለ ድምፁ እንጂ ስለ የኔታ ደኅንነት አልጠየቀም። ለይቅርታ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ተነሥ» አሉት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ናና የተበላሸውን እናቅናው።»

በበዓሉ ዕለት አልመራም፤ ከኋላ ቆሞ ተቀበለ። ቅዳሜ በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገረ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። የኔታ ነገሩን ዳግም አላነሡበትም። እሱ ግን ቀና ብሎ ፊታቸውን ለማየት ወራት ፈጀበት።