ለሦስት ወር የተላከ ሰው

ይልቃል አሰብ የወረደው ለሦስት ወር ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ በአንድ የሚሲዮን ሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒሻንነት ይሠራ ነበር፤ ጣቢያው የሚተዳደረው ከውጭ አገር ምእመናን በሚመጣ መዋጮ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ጣቢያው ሲወረስ ይልቃልም ከነማይክሮፎኑ የመንግሥት ሆነ። በዓመቱ አሰብ ላይ አንዲት ትንሽ ማስተላለፊያ ስትተከል፣ «አስጀምረህ ትመለሳለህ» ተባለ። ባለቤቱን ዓለምዘውድን ተሰናብቶ በነዳጅ ቦቴ ጋቢና ወረደ። ማሽኑን ሲረከብ የንብረት ቅጽ ላይ ፈረመ። ሰባት ዓመት አለፈ።

ጣቢያው ሁለት ጌታ ነበረው። ማስተላለፊያውና ይልቃል የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ናቸው። ቤቱና ዜና አንባቢዋ ታደለች ደግሞ የከተማው ኮሚቴ ናቸው፤ ምን እንደሚነበብ የሚወስነውም ኮሚቴው ነው። ይልቃል ልቀቁኝ ብሎ ወደ አዲስ አበባ በጻፈ ቁጥር፣ «ንብረቱን የሚረከብህ ሰው ኮሚቴው ያቅርብ» የሚል መልስ ይመጣል። ኮሚቴው ዘንድ ሲሄድ ሊቀ መንበሩ ጓድ ጉግሳ ቀና ብሎ እንኳ አያየውም።

«ማሽኑ የእኛ አይደለም፤ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ተረካቢ አንመድብም» ይለዋል።

ያለ መልቀቂያ ይለፍ አይሰጥም፤ ያለ ይለፍ ደግሞ የመጀመሪያውን ኬላ ማለፍ አይቻልም።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ አሸዋ እያመጣ መስኮቱ ላይ ይደፋል። ይልቃል ማስተላለፊያው ጀርባ ቆሞ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን ቬንቲሌተር ማጥፊያ በጣቱ ነካው። በዚያ ሙቀት ሩብ ሰዓት ቢጠፋ ይበቃል። ዋናው ቫልቭ፣ ሞገዱን የሚያጎላው አምፖል፣ ይቃጠላል፤ ምትክ አገር ውስጥ የለም፤ ጣቢያው ይዘጋል። የተዘጋ ጣቢያ ቴክኒሻን አይፈልግም። ግን ባለፈው ዓመት «አሻጥር ሠርተሃል» ተብሎ የተወሰደው የመጋዘን ሠራተኛ ትዝ አለው። ሰውየው እስከ ዛሬ የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም። ጣቱን አነሳ። ዞር ሲል ታደለች በር ላይ ቆማለች።

«ጋሽ ይልቃል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን እኔን አያስተምሩኝም? ከቻልኩት ተረካቢው እኔ እሆናለሁ።»

ታደለች አሰብ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛም፣ ትግርኛም፣ አፋርኛም እንደ ውሃ ትናገራለች። አባቷ ወደብ ላይ ወዛደር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ዜናውን አንብባ ስትጨርስ ካቻቢቴ ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ዓመት ይልቃል ወባ ጥሎት ሲተኛ ጣቢያውን አሥር ቀን ብቻዋን አስኬደችው።

ጓድ ጉግሳ ግን፣ «የኮሚቴ ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤት ንብረት አይፈርምም» አለ። ይልቃል ተስፋ አልቆረጠም። ታደለች የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆና ትቀጠርልኝ ብሎ ጻፈ፣ ደጋግሞ ጻፈ። በስምንተኛው ወር ፈቀዱለት። የዚያን ቀን ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ አቧራውን ጠረገ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ርክክቡ ሳይፈጸም፣ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ታደለች እያነበበችው ገባች።

«ምን ይላል?»

«አሁን የእነሱ ሠራተኛ ነኝ አይደል? አዲስ አበባ ላይ አፋርኛ የሚያነብ ሰው ጠፍቷል። በአስቸኳይ ነይ ይሉኛል።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አልሄድም እላቸዋለሁ።»

«መች ጠየቁሽ?» አለ ይልቃል። ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማው። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ግን ልጅቷ ምን አደረገች? ራሱ ነው ጽፎ ጽፎ ያስወሰዳት። «ሂጂ ታደለች። እዚህ ከቀረሽ እንደኔ ነው የምትሆኚው።»

አውቶቡስ ላይ ሲሸኛት፣ «ባለቤትዎን አገኛታለሁ፤ ምን ልበላት?» አለችው።

«ደህና ነው፣ በቅርቡ ይመጣል በያት።»

ታደለች እንዲህ አላለችም። ለዓለምዘውድ እውነቱን፣ እንደማይለቁት፣ ነገረቻት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቦቴ ጣቢያው በር ላይ ቆመ፤ ዓለምዘውድ አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ይዛ ወረደች። ፊቷ በሙቀቱ ቀልቷል።

«ይለፍ ማን ሰጠሽ?» አለ፣ ሰላምታውንም ረስቶ።

«ባሌን ልጠይቅ ብዬ የሁለት ሳምንት አወጣሁ።»

«የትምህርት ቤቱ ሥራሽስ?»

«ትቼው መጣሁ። አልመለስም፣ ይልቃል። ዘጠኝ ዓመት መንገድ መንገድ ማየት ሰለቸኝ።»

አቀፋት። ላቧን፣ የመንገዱን አቧራ አሸተተ፤ ደስም አለው፣ እንባውም መጣ። ነገር ግን እዚያው እንዳቀፋት አንድ ነገር ገባው። እስከ ዛሬ ዓለምዘውድ አዲስ አበባ ስላለች፣ ከእሱም የሆነ ነገር እዚያ እንዳለ፣ ሙሉ በሙሉ እንዳልተያዘ ይሰማው ነበር። አሁን ውጭ የቀረ ምንም የለም።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም» አለና ሻንጣዋን ተቀበላት። «ነይ፣ ውሃ ሳይሄድ ታጠቢ።»