በሆሳዕና የተጠራ ስም

እኔ ቄስ ሞላልኝ ነኝ። ደሴ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቀድሻለሁ፤ ብስጩ መሆኔን ምእመናኑም ባለቤቴም ይመሰክራሉ። በቅዳሴ መሀል ስልኩ የጮኸበት ሰው ስልኩን ለመዝጋት አይሞክርም፣ ከነስልኩ ወደ ውጭ ይሮጣል። አሁን የምነግራችሁ ስሕተት የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ስጮህበት እከርም ነበር። ስሕተቱ ግን የኔ ነው።

በሰሙነ ሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ሳምንቱ የጌታ መከራ ብቻ የሚታሰብበት ነው፤ መስቀል አናሳልምም፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አንልም። በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ጸሎቱ ቀድሞ ሆሳዕና ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቁማቸው ይደረግላቸዋል። ማን ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሕዝቡ ዘንባባውን እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ቆሞ፣ ምናልባት የራሱን ፍትሐት ይሰማል። አብዛኛው ግን በዚያ ሰዓት ልቡ ምሳው ላይ ነው።

መጽሐፉ ላይ የሟቹ ስም የሚገባበት ቦታ በቀይ ቀለም «እገሌ» ተብሎ ተጽፏል። በሌላው ጊዜ እዚያ ስንደርስ የሟቹን የክርስትና ስም እንጠራለን። በሆሳዕና ግን የሚጠራ ስም ስለሌለ ዝም ብለን እናልፋለን። ባለፈው ዓመት እዚያ ቦታ ስደርስ አፌ አላልፍ አለኝ።

«ክፍለ ጊዮርጊስ» አልኩ።

የልማድ ነገር ነው እንዳልል፣ ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ቀብሬ አላውቅም። ከዘመዶቼም ከንስሐ ልጆቼም በዚህ ስም የሚጠራ የለም። ስሙ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ። ሲንኮሻኮሽ የነበረው ዘንባባ ሁሉ ጸጥ አለ። በወንዶቹ በኩል፣ ዓምዱ ሥር፣ አንድ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ስሙ ሲጠራ እንደሚያየው ነው ያየኝ።

ሰውየው ምንተስኖት ይባላል። አይሱዙ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከገራዶ ወደኛ ሰፈር ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ወደኔ መጣ።

«አባ፣ የክርስትና ስሜን ማን ነገረዎት?»

«የምን ስም?»

«ክፍለ ጊዮርጊስ እኔ ነኝ። ያጠመቁኝ ቄስ አርፈዋል፣ እናቴም አርፋለች። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቀው የለም።»

እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ደሴ ውስጥ ስንት ክፍለ ጊዮርጊስ እንዳለ ታውቃለህ፣ አንተ ብቻ ነህ ወይ፣ ብዬ ጮህኩበት። «ይሁን አባ» ብሎ ሄደ።

ሰኞም ማክሰኞም ከሥራ መልስ ሊሰግድ መጣ። ረቡዕ ዕለት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ሰኞ ዕለት ኮምቦልቻ መውረጃው ላይ ምን እንዳየሁ ልንገርዎት?» አለኝ። «መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ሁሉ እኔ ሳልፍ ተነሥቶ ቆመ። ሬሳ ሲያልፍ እንደሚቆመው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ፍየሎቹ እንኳን መንገዱን ለቀው ቆሙ። በመስተዋት ወደ ኋላ ሳይ ግን ሁሉም እንደተቀመጠ ነው።»

«ጾም ነው፤ ራስህ ዞሮ ነው» አልኩት። እኔ ራሴ ያልኩትን አላመንኩም።

በጸሎተ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እንደገና መጣ። የመኪናው ባለቤት ጀማሉዲን ለበዓል የሚሸጥ ጤፍ አርብ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አለበት ብሎታል። ጀማሉዲን ደግ ሰው ነው፤ «ስቅለታችሁ ነው፣ ካልፈለግህ ረዳትህ አቤ ይነዳዋል» ብሎ ነግሮታል። አቤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወሩ ነው። የአቤ ሚስት ደግሞ ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች።

«ታዲያ አቤ ይንዳዋ!» አልኩ። አዎ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የቀደስኩት።

«እዚያ መንገድ ላይ የሚጠብቅ ነገር ካለ፣ ወንበሩ ላይ ያገኘውን ነው የሚወስደው። አቤ ምን በወጣው?»

«እንግዲያ መኪናው ይቁም።»

«ለጀማሉዲን ነገርኩት እኮ አባ። ቄሱ ስሜን ጠሩ አልኩት። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እፈራለሁ። ልጆቼ ትንንሽ ናቸው፣ መሞት አልፈልግም። አንድ ሰዓት ብቻ አብረውኝ ይጸልዩ።»

እሺ አልኩት። በዚያው ጧት ጌታ በአትክልቱ ቦታ እንዴት እንደተጨነቀ፣ ላቡ እንዴት መሬት ላይ እንደወረደ፣ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት እንዴት እንቅልፍ እንደጣላቸው አንብቤ ነበር። ጴጥሮስ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደመገሠጽ እያልኩ ነበር ያነበብኩት። ምንተስኖት ዓምዱ ሥር ተደፍቶ መስገድ ጀመረ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጉልበቴን ያሞቀኝ ነበር፤ ተኛሁ።

ስነቃ ግንባሩ ድንጋዩ ላይ ነው። «ይለፈኝ፣ ይለፈኝ፣ ይለፈኝ» ይላል። ሰማሁት፤ ሰምቼውም ዓይኔ ተከደነ። ሁለተኛ ስነቃ «ይለፈኝ» ማለቱን ትቶ አንድ ስም ይደጋግማል፤ የአቤን ስም ነው። አሁንም ተኛሁ። ሦስተኛ ስነቃ ከላዬ ቆሟል። ፊቱ ረጋ ብሏል፣ የመጣው ሰው አይመስልም።

«ይበቃል አባ፣ ይተኙ» አለኝ ያለ ቁጣ። ምነው በተቆጣኝ ኖሮ። በልማድ ጎንበስ አለና «ይፍቱኝ» አለ።

«ሕማማት ነው፤ አልችልም» አልኩት።

«እውነትም፣ ረስቼው» ብሎ ወጣ።

ግንባሩ የነበረበት ድንጋይ ረጥቦ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ ጫፉ ቀላ። ላብ ነው፣ ላብና የምንጣፍ አቧራ ነው አልኩ ለራሴ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፣ ዛሬም አልለቀቀም።

አርብ ሕዝቡ ሲሰግድ ዋለ። እኔም እየሰገድኩ በየመሀሉ በሩን በሩን አያለሁ። ወደ ዐሥር ሰዓት ላይ ጀማሉዲን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ አየሁት። ሳይነግረኝ ገባኝ።

«ወላሂ አባ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «ኮምቦልቻ መግቢያ መጨረሻው ጥምዝ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ሰው ከጁምዓ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ። ሰዒዳ፣ እዚያ ዳር ሙዝ የምትሸጠዋ፣ በዓይኗ አይታለች። መጀመሪያ በሩን ከፈተው፣ ሊዘል። አንድ እግሩ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ሰዎቹን አየና መልሶ ገባ። በሩን ዘጋው አባ! ዘግቶ መሪውን ወደ አለቱ ጠመዘዘው። የአንድ ሰው ጫማ እንኳን አልተነካም።»

ኮፍያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ቆይቶ እንዲህ አለ፦

«ሬሳውን ወደ ደሴ ስናወጣው መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ተነሥቶ ቆመለት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ያ ረቢ፣ ፍየሎቹ እንኳን መንገድ ለቀው ቆሙ።»



ቅዳሜ ቀበርነው። ፍትሐት የለም። ሰዉ ራሱ ላይ ቄጠማ እንዳሰረ መጥቶ ጉድጓዱን ከቦ ቆመ። አቤ አፈሩን ሲመልስ አካፋውን ለማንም አልሰጥም አለ። የምንተስኖት ባለቤት ወንጌላዊት ወደኔ ዞረች።

«እንዲህ ያለ ሰው፣ አባ፣ ሳይፈታ ይግባ?»

ዝም ልል ወስኜ ነበር። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ የሰማው ሕዝብም ስሙ የማን እንደሆነ አያውቅም። ግን የሐሙሱ «ይፍቱኝ» ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ተፈትቷል» አልኳት። «በሆሳዕና ስሙን ጠርቼ ጸልዬለታለሁ። በዚህ ሳምንት ከሞቱት ሁሉ በስሙ የተፈታ እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ የቀረውንም ነገርኳት፤ አቤ ይሂድ ማለቴን፣ ሦስት ጊዜ መተኛቴን። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ።

አልሰደበችኝም።

«ስሙን እኔ አልነገርኩዎትም» አለች።

«አልነገርሽኝም።»

«እሱም አልነገረዎትም።»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያ የፈታው እርስዎ አይደሉም» አለችና ዕንባዋን ጠርጋ ወደ መቃብሩ ተመለሰች።

ዘንድሮ ሆሳዕና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለወንጌላዊት የነገርኳት ስለተወራ ሕዝቡ ካሁኑ እየፈራኝ ነው፤ ገና በሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ትናንት መጽሐፉን አውጥቼ ያችን ቀይ ቃል እንዳላያት ከጧፍ ላይ ሰም ቆርሼ ለጥፌባታለሁ። አፌ ላይ ምን እንደምለጥፍ ግን አላውቅም።