ይርጋ ያነበበው ወረቀት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት በገባ በሳምንቱ፣ በስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ። የበጌምድሩ ራስ ከሸዋ መንግሥት ጋር ተጣልተዋልና ወዶ የሚዘምት ሁሉ ይሰብሰብ ተባለ። ይርጋ ገብሱን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ጦር ጦር የሚሸተው ሰው አልነበረም። በልጅነቱ ድጓ ማስመስከሪያው ደብር ቤተ ልሔም ሄዶ ስድስት ዓመት ድጓ ተምሯል። አባቱ ሲሞቱ ነው ትምህርቱን ጥሎ እርፍ የጨበጠው። ያዘመተው አንድ ነገር ነው። እስቴ ያለውን የአባቱን ርስት የአጎቱ ልጆች ይዘውበት ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሟገት ኖሯል፤ ዳኛው ቀኛዝማች ኃይለ ሚካኤል ነበሩ፤ አሁን ደግሞ የስማዳ ወዶ ዘማች አለቃ እሳቸው ሆኑ።

«ወዶ የዘመተ ሰው የርስቱን ነገር ለእኔ ይተወው» አሉ ቀኛዝማች ከበቅሏቸው ላይ ሆነው። «ለፋሲካ ቤታችሁ ናችሁ።»

ሚስቱ ላቀች ነገሩ አላማራትም።

«ሰባት ዓመት ሳይፈርዱልህ የኖሩ ሰው ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው የሚፈርዱልህ?» አለችው፣ በሶውንና ቆሎውን በአቁማዳ እየቋጠረች።

ይርጋ የአባቱን ውጅግራ ጠመንጃ ከአራት ጥይት ጋር አንግቶ ወጣ። ጎረቤቱ አለበልም ጦርና ጋሻውን ይዞ ተከተለው። አለበል በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠዋል፤ ፊደል አልቆጠረም፤ ከራስም ከሸዋም ጉዳይ የለውም። ሚስቱ አልጣሽ ለምን እንደሚሄድ ብትጠይቀው፣ «ይርጋ የተማረ ሰው ነው። እሱ የሄደበት መንገድ ገደል አይከትም» ብሏት ነበር።

ሦስት መቶ ያህል ሆነው ተነሡ። በመጀመሪያ አርብ ገበያ ወርደው ሰፈሩ። ስምንት ቀን ከቆዩ በኋላ «ጠመንጃ ይታደላችኋል» ተብለው ወደ እስቴ ተጓዙ። እስቴ ሲደርሱ ጠመንጃው ለሌላ ጭፍራ ታድሎ አልቋል። ሦስት ቀን እዚያው ተኝተው ወደ ነፋስ መውጫ ሂዱ ተባሉ፤ ነፋስ መውጫ ሳይደርሱ መልእክተኛ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ወደ አርብ ገበያ መለሳቸው፤ መንገድ ጠብቁ ተባለ።

«የማንን መንገድ?» አለ አለበል፣ የቆሰለ ተረከዙን እያየ። «ከእኛ በቀር የሚሄድበት አላየሁም።»

ሰዉ ሳቀ። ይርጋን ግን አላሳቀውም። ጾሙ ገብቷል፤ ስንቁ አልቋል፤ የሚበላው የገበሬው እህል ነው። አርብ ቀን እንደ ወትሮው በአህያ ጭኖ ይመጣ የነበረው ባላገር ገበያውን ተወው። ቀኛዝማችም ይርጋን «አንተ አፈ ጣፋጭ ነህ» እያሉ ከየመንደሩ እህል እንዲለምን ይልኩት ጀመር። ልመና ይባል እንጂ ከኋላው አሥር ጦረኛ ይቆም ነበር። አንድ ሽማግሌ የዘር ገብሳቸውን ከጉድጓድ አውጥተው ሰፍረው ሲሰጡት፣

«ልጄ፣ ጠላት ይመጣል ብላችሁን ስንጠብቅ፣ እናንተ መጣችሁ» አሉት።

ይርጋ ያን ቀን እህሉን አስረክቦ በቀጥታ ወደ ቀኛዝማች ድንኳን ሄደ።

«ጌታው፣ ወይ ያዋጉን፣ ወይ ያሰናብቱን። የወገናችንን ዘር እየበላን መቀመጥ ምን ይባላል?»

ቀኛዝማች ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አዩትና፣ «የእስቴው ነገር አለህ አይደል?» አሉት።

ደብረ ዘይት አልፎ የገብርኄር ሳምንት ሲሆን በመጨረሻ ወደ ጨጨሆ ውጡ ተባለ። አርብ ዕለት አቀበቱ ላይ አረፍ ብለው ሳለ ከሰማይ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማ። አውሮፕላን የሚባለውን ብዙው ሰው በስም እንጂ በዓይኑ አያውቀውም ነበር። ገሚሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ ገሚሱ ጋሻውን ወደ ላይ መከተ። እሱ ግን ዞር ዞር ብሎ ወረቀት በትኖ ሄደ።

ሰዉ ወረቀቱን እየለቀመ ወደ ይርጋ ሮጠ። ከሦስት መቶው ሰው ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። የጭፍራው ቄስ ከእስቴ ሳይመለሱ ቀርተዋል። አለበል አንዱን ወረቀት በሁለት እጁ እንደ ታቦት ይዞ አቀበለው።

ይርጋ በልቡ አነበበው። ከጳጳሱ የተላከ ቃል ነው ይላል። በመንግሥት ላይ የተነሣውን ራስ የተከተለ፣ ጋሻ ያነሣለት፣ ስንቅ ያቀበለው ሁሉ፣ ይህን ቃል ሰምቶ ወደ ቤቱ ካልተመለሰ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን። ሥጋ ወደሙ አይቀበል፤ ቢሞትም ፍትሐት አይደረግለት።

አንብቦ ሳይጨርስ የቀኛዝማች በቅሎ ከአጠገቡ ደረሰች። ክንዱን ይዘው ከሰዉ ፈቀቅ አደረጉት።

«ምን ይላል?»

ነገራቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። ቀድመው ሳይሰሙ አልቀሩም።

«የሐሰት ወረቀት ነው። ሸዋ የጳጳሱን ስም ሰርቆ የጻፈው ነው። አሁን ወጥተህ፣ ሸዋ ፈርቶ ታረቁኝ ይላል ብለህ ታነበዋለህ።»

«ጌታው፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝ። የግዝት ቃል እንዴት እለውጣለሁ?»

«እንግዲያው እንደ ተጻፈው አንብበው። ሦስት መቶ ሰው ሲበተን የራስ ጦር ከሃዲ ብሎ ከኋላ ይፈጃቸዋል። ደማቸው በአንተ። ርስትህንም እዚያው ከደማቸው ጋር ቅበረው።»

ይርጋ ቋጥኝ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ገልጦ፣ ዓይኑን ከፊደሉ ላይ ሳይነቅል፣ ያልተጻፈውን አነበበ። ሸዋ እንደ ፈራ፣ እርቅ እንደሚለምን፣ የበጌምድርን ጀግና እንደሚያውቅ። ድጓ በተማረበት ድምፅ ነበር ያነበበው፤ ሰዉ ፉከራውን አቀለጠው። እሱ ግን ከቋጥኙ ወርዶ አፉን በውሃ ተጉመጠመጠ። አንደበቱ ላይ አመድ ያለ መሰለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አለበል መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ይርጋ፣ እርቅ ለማኝ ወረቀቱን ከሰማይ ይጥላል እንዴ? ያነበብኸው እውነት ነው?»

«ያነበብሁት ያው ነው፣ አያ አለበል።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለና አለበል ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። አንድ ጊዜ ካመነ ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ይርጋ «ተነሥ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ለማለት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው። ቅዳሜም እሑድም እነግረዋለሁ እያለ ዋለ።

ሰኞ ጧት ውጊያው ተከፈተ። የስማዳ ወዶ ዘማች ግን ከሸንተረር ጀርባ ተቀመጥ ተብሎ ነበር። ተኩሱ ይሰማል፣ አውሮፕላኑ የሚጥለው ቦምብ ምድሩን ያናውጣል፣ የሚታይ ነገር የለም። አንድ መልእክተኛ ወደ ቀኝ ውረዱ አለ፤ ወረዱ። ሌላው ማን ውረዱ አላችሁ ብሎ ተቆጣ፤ ተመልሰው ወጡ። ቀኛዝማችን ቢፈልጓቸው የሉም። ቀትር ሳይሆን ከፊት የነበረው ጦር ተፈትቶ በላያቸው ላይ ጎረፈ። ራስም ወደቁ እየተባለ ይጮኻል። ከሚሸሸው ጋር የሚያሳድደው ተደባልቆ መጣ። ይርጋ አንድ ጥይት ተኮሰ፤ ሁለተኛው ጠመንጃው ውስጥ ተቀረቀረ። ሊያወጣው ሲታገል አለበል በጋሻው ሊከልለው ፊት ለፊቱ ቆመ፤ እዚያው ሆዱን ተመታ።

ይርጋ ከገደሉ ሥር ጎትቶ አወረደው። አለበል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ነፍሱ አልወጣችም። «ቄስ ፈልግልኝ» ይል ነበር። ይርጋ ሮጦ ወጣ፣ ሮጦ ወረደ፤ ቄስ ከየት ይምጣ። የተማረውን ሁሉ ደገመለት። ነፍሱ ስትወጣ በድንጋይ ከለለውና ጋሻውን ብቻ ተሸክሞ ወደ አገሩ ገባ።

ስማዳ ሲደርስ ሌላ ነገር ጠበቀው። የወረቀቱ ወሬ በእስቴ በኩል ዞሮ ቀድሞት ገብቷል። አልጣሽ ለባሏ ፍትሐት ልታስፈታ ብትሄድ የንስሐ አባቷ አባ ሥዩም ከለከሏት።

«ተገዝቶ የሞተ ሰው ነው፣ ልጄ። እኔ ምን አቅም አለኝ?»

በሕይወት የተመለሱትም ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመው ፋሲካን ዋሉ። ቀኛዝማች ግን በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ወገዳ ገቡ። አምነው ለሸዋ ገብተው፣ ምሕረት ተቀብለው፣ ሹመታቸውም ጸንቶላቸው ነበር።

ይርጋ አባ ሥዩም ዘንድ ሄዶ እውነቱን ተናዘዘ፤ ሰዉ ግዝቱን እንዳልሰማ፣ የሰማ እሱ ብቻ እንደ ሆነ። አባ ሥዩም ራሳቸውን ያዙ።

«ይህ ከእኔ በላይ ነው። ቤተ ልሔም ሂድና መምህርህን ጠይቅ።»

ቤተ ልሔም ሄደ። የኔታ ለስብሰባ ወጥተዋል ተባለ። ተመለሰ። በሳምንቱ እንደገና ሄደ። የኔታ ዓይናቸው ፈዟል፤ ድምፁን ግን ለዩት።

«ወረቀቱ ምን ይል ነበር? ቃል በቃል በለኝ።»

አላቸው። «ይህን ቃል ሰምቶ» ከሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ያልሰማ እንዴት ይታሰራል? ይፈታላቸው። ግን ባንተ አፍ ብቻ አይሆንም። ምስክር አምጣ፣ በአደባባይም ተናገረው። አንተ ግን ሰምተሃል፣ ልጄ። ላንተ የምልህ የለኝም፤ አንድ ዓመት ከውጭ ቆመህ አልቅስ።»

ነገሩን ከእሱ ሌላ የሚያውቁት ምስክር ቀኛዝማች ብቻ ነበሩ። ይርጋ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቶ ገባ።

«እኔ ያን ሳምንት እስቴ ታምሜ ተኝቼ ነበር» አሉ ቀኛዝማች፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። «ምን ወረቀት? ስማ፣ ይርጋ። የእስቴውን ፍርድ በሰኔ እሰጣለሁ። ለአንተ ልሰጥ አስቤ ነበር። ዝም በል።»

«ሰው ሞቶ ያለ ፍትሐት ቀርቷል፣ ጌታው።»

«ብዙ ሰው ሞቷል» አሉና አሽከራቸውን ጠርተው አስወጡት።

ለአለበል አርባ ቀን በሞላ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ይርጋ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ቆሞ ተናገረ። ቀኛዝማችን ሳይደብቅ፣ ራሱንም ሳይምር ተናገረ። ከጨጨሆ የተመለሱት አርባ ሰባት ሰዎች አንድ በአንድ እየወጡ፣ ይርጋ ያነበበላቸው ስለ እርቅ እንደ ነበር፣ ግዝት የሚል ቃል እንዳልሰሙ በመስቀል ማሉ። አባ ሥዩም የየኔታን ቃል አሰሙ፤ በሩ ተከፈተላቸው። አንዱ ሲያልፍ የይርጋን ትከሻ መታ አደረገና፣

«እንኳን ዋሸኸን፣ ወንድሜ! ብትነግረን ኖሮ ዛሬ ሁላችን ውጭ ነበርን» አለው።

ሌሎቹም ሳቁ፤ እግዜር ይስጥህ አሉት። ይርጋ ትከሻውን የመታውን እጅ ገፍቶ ጣለው።

«ብነግራችሁ ኖሮ በማግስቱ ቤታችሁ ነበራችሁ! ሁለት መቶ ሃምሳው ሰውስ?»

ሰዎቹ ተራ በተራ ወደ ውስጥ ገቡ። ውስጥ የአለበል ፍትሐት ተጀመረ። ከውጭ ሆኖ ዜማውን ሰማ፤ አባ ሥዩም አንድ ቦታ ላይ ሳቱ፤ በልቡ አረመው።

ሲያበቃ አልጣሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ወጣችና ፊቱ ቆመች።

«ከዚያ በኋላ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር።»

«ምን አልኸው?»

«ያነበብሁት ያው ነው አልሁት።»

«እውነቱን ብትነግረው ይመለስልኝ ነበር?»

ይርጋ እንደ ቀኛዝማች የራስ ጦር ሦስት መቶውን ሰው ከኋላ ይፈጅ ነበር ሊል አሰበ። ይህም እውነት ሊሆን ይችል ነበር፤ ማን ያውቃል። ነገር ግን የጠየቀችው ስለ አንድ ሰው ነው።

«ይመለስ ነበር።»

«ፍትሐቱን አስፈትተህልኛል። ለእሱ እግዜር ይስጥህ። ከእንግዲህ በደጄ አትለፍ።»

«ማሳሽ አልታረሰም፤ ዝናቡ ደርሷል፤ በሬዎቼን ይዤ…»

«ወንድሜ ያርስልኛል» አለችና ሄደች።

በሰኔ የእስቴው ርስት ለአጎቱ ልጆች ተፈረደ። ላቀች ዜናውን ስትሰማ «ገና ስትወጣ ነግሬህ ነበር» አላለችውም፤ እራቱን አቀረበችለት። እሱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገበያ ሲወጣ በአልጣሽ ደጅ ያለውን አጭሩን መንገድ ትቶ፣ ክረምት ከበጋ፣ በወንዙ በኩል ይዞር ነበር። ወንዙ በሞላ ጊዜ ገበያ ሳይወጣ ይቀር ነበር።