ሦስት መቶ እርምጃ

ሶላንዥ በአባቷ አስከሬን ራስጌ በሳህን ያስቀመጠችውን ጠበል በሁለተኛው ቀን ቀየረችው። ሰው ሳይነካው አቧራ ሰፍሮበት ነበር። በመንደሩ ወግ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ከሳህኑ አጠገብ ያለውን ቅጠል ጠበሉ ውስጥ ነክሮ ሟቹን ይረጫል፤ የመጣችው ግን ጎረቤቷ ማዳም ክሎቲልድ ብቻ ናት። እሷም ያልመጣውን ለማየት የመጣች ትመስላለች።

«ተሸካሚ አገኘሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሦስት። ሁለቱ ከከተማ የመጡ ቅጥረኞች፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ደዋይ። አራተኛ ጠፋ።»

«ድሮ ቢሆን ይሻሙበት ነበር።»

ድሮማ፣ አባቷ ሻምበል ኦክታቭ ቬርኔ ከጀርመኖች ጋር ከተዋጋበት ከቬርደን ጦርነት ሲመለስ፣ ሰዉ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያስገባው። ትንሿ ሶላንዥ ሜዳሊያውን እየነካካች ጉራዋን ነዝታለች። ጀርመኖች ዳግመኛ መጥተው አገሩን ሲይዙ ግን ያው ጀግና የሚሊሻቸው አለቃ ሆነና የመንደሩን ልጆች እየለቀመ አስረከባቸው። የዳቦ ጋጋሪው የፊርማን ልጅ ሉሲየን ከሄደበት አልተመለሰም። ሻምበሉ ስምንት ዓመት ታስሮ ወጣ። ሶላንዥ አባቷን ትወደው ነበር፤ በመውደዷም ታፍር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሬሳ ሳጥኑ ተዘግቶ ሳለ ፊርማን እያነከሰ ገባ። ቅጠሉን አልነካም።

«አራተኛ ሰው ጠፋ አሉ።»

«ሞስዬ ፊርማን፣ እርስዎ እንዴት…»

«ቬርደን ላይ እግሬን ስመታ፣ አባትሽ ከጫካው እስከ ሐኪሞቹ ድንኳን አዝሎኛል። ሦስት መቶ እርምጃ። እየቆጠረ ነበር፣ ተኝቼ በዚያው እንዳልቀርበት። እኔም ሦስት መቶ እሸከመዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሉሲየን አባት ነኝ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በእጥፍ ይርቃል። ሶላንዥ ግን አልተከራከረችም።

አራቱ ሳጥኑን ተሸክመው በተዘጉት የመንደሩ መስኮቶች መሀል አለፉ። ፊርማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆጥራል። አደባባዩ ላይ፣ ምንጩ አጠገብ ሲደርሱ፣ «ሦስት መቶ» ብሎ ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ።

ሶላንዥ ይዛው የመጣችውን የጠበል ሳህን ለማዳም ክሎቲልድ ሰጠቻትና ትከሻዋን ከፊርማን ትከሻ አጠገብ አስገባች። ሸክሙ እስኪደላደልላት ድረስ እጁን ከሳጥኑ ሥር አላነሳም። ከዚያ አነሳ።

«ሦስት መቶ አንድ» አለች፤ እያለቀሰች ተራመደች።