የጉልላት ሕግ

ወይዘሮ ታየች ዛሬም መጡ። የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ንፍሮ ሲሰጣቸው ተቀበሉ፤ አልበሉም። አላለቀሱምም። ቤዛዊት ወደተቀመጠችበት ፍራሽ ብቻ ያያሉ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ልጃቸው ጃለታ የቤዛዊትን ባል ገድሏል ተብሎ ጣቢያ ታስሯል።

«ልጇ ገድሎ እሷ ለቅሶ ትደርሳለች» አለች አንዲት ጎረቤት፣ እንዲሰሙ አድርጋ።

ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሸራውን ይገፋዋል፣ ይለቀዋል፤ የሆነ ሰው ከውጭ ሊገባ የሚታገል ይመስል።

ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ ሟቹን ያነሳሉ። ጉልላት በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ መካኒክ ነበር፤ አንድ ሕግም ነበረው። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ያኔ ውጭ ያለ ሰው ማሽኑን ሊያስነሳበት አይችልም። ይህን ያላስተማረው ሠራተኛ የለም።

«ሚስቱን ሊስም እንኳ መጀመሪያ ቆጣሪ ያጠፋ ነበር» አለ አንዱ። ሳቁ፤ ወዲያው ወደ ፍራሹ አይተው ካርታቸው ላይ አቀረቀሩ።

ጃለታን ማንም ያላመነው በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ከምሳ ሲመለስ ፊውዙን በቦታው ስላየው ውስጥ ሰው የለም ብሎ እንዳስነሳው ተናግሯል። ጉልላት ግን ውስጥ ሆኖ እየጠገነ ነበር። ጉልላት ፊውዝ ይረሳል? አይታሰብም። ልጁ ከመጋዘን ሌላ ፊውዝ አምጥቶ ሰክቷል ተባለ፤ የሟቹ ኪስ ትርፍ ፊውዝ አጥቶ ስለማያውቅ፣ ኪሱ መፈተሹም ልጁን አልረዳውም። ባለፈው ወር ጉልላት ያረፍዳል ብሎ ለአለቃ ከስሶት ስለነበር፣ ቂምም ተገኘለት።

«አባዬ ረስቶ አያውቅም አይደል?» አለች ልጇ ሲና፣ የወንዶቹን ወሬ ሰምታ። ቤዛዊት ፀጉሯን ዳበሰችላት።

የጉልላት ታላቅ ወንድም ኤርሚያስ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። መርማሪው ስምንት ሰዓት ላይ ቃሏን ሊቀበል ይመጣል። ኤርሚያስ ጠበቃ አማክሮ ነበር፤ ጥፋቱ የሟቹ ከሆነ ካሳ የለም፣ የሌላ ሰው ከሆነ ግን ሲናን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ይከፈላል። ቤቱ የኪራይ መሆኑንም አስታወሳት።

«ሳይናገር ነው የሞተው በይ። በቃ።»

«ጋሽ ኤርሚያስ፣ ተናግሯል እኮ።»

«የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይህን ሲል ድምፁ ለስላሳ ነበር። ያስፈራትም ልስላሴው ነው።

ጉልላትን ሆስፒታል ያገኘችው ዱቄት ቅንድቡ ላይ እንዳለ ነው። ሐኪሞቹ ዞር ሲሉ ጣቷን ያዘ። «ፊውዙን አላወጣሁም» አለ። «ቶሎ እጨርሳለሁ ብዬ... ልጁ አያውቅም። ንገሪያቸው።» እሺ አለችው። በአሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድም ቀን ተሳሳትኩ ሲል ሰምታው አታውቅም። ወጥ ቢያሳርር እንኳ ጥፋቱ የምድጃው ነበር። ያችን አንዲት ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደከበደው ያየችው እሷ ብቻ ናት።

መርማሪው መጣ። ኤርሚያስ ወደ ሳሎን ሊያስገባው ሲል ቤዛዊት እዚሁ ይሁን አለች። ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ሳታሳንስ ሁሉንም ተናገረች። ካርታ የያዙት እጆች ባሉበት ቀሩ።

«ሐዘን ነው» አለ ኤርሚያስ ለመርማሪው። «አእምሮዋ አልተረጋጋም።»

«ተረጋግቻለሁ» አለች። «ይጻፉት።»

ወይዘሮ ታየች ተነሡ። መሐል ድንኳን ሲደርሱ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው የጉልላትን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ማንም አላነሳቸውም።

ድንኳኑ ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ። አንዳንዶቹ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሳይሏት ሄዱ። ኤርሚያስ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ከእንግዲህ ወንድም አለኝ እንዳትዪ» አላት።

«አባዬ ረስቶ ነው?» አለች ሲና።

«አዎ። ረስቶ ነው። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤዛዊት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መኝታ ቤት ገባች። የሚቀጥለውን ወር ኪራይ ከየት እንደምታመጣ አታውቅም፤ ሆኖም ደረቷን ይዟት የነበረው ነገር ለቋታል። ጋደም አለች። ዓይኗ ሲከደን፣ እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ተጠግታ የጉልላትን ቦታ ለቀቀችለት።