ማንም የማይወርድበት ፌርማታ

ቶርላይቭ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሱ ሃያ ዓመት ሲያዘጋጅ የኖረውን የአውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ ወደ አዲሱ ፕሮግራም የማስገባቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። የማውቀውን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጬ የተማርኩት ከእሱ ነው። ፋይሉ እስከ ዓርብ ማታ ካልገባ ሰኞ አውቶቡሶቻችን በሰዉ ስልክ ላይ አይታዩም።

ፕሮግራሙ አንድ መስመር በቀይ መለሰልኝ። 47 ቁጥር አውቶቡስ ክቫልስነስ በሚባል ፌርማታ አራት ደቂቃ ይቆማል፤ ግን እዚያ መሳፈርም መውረድም ተከልክሏል። የድሮው ፕሮግራም ዝም ብሎ ይቀበለው ነበር።

ቶርላይቭ አንዲት ነጥብ እንኳ ሲሳሳት አላየሁም። ፌርማታውን ብሰርዘው ቀዩ ወዲያው ይጠፋል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር፤ ግን አራቷ ደቂቃ ከነከነችኝ።

ሐሙስ ጠዋት 47 ላይ ተሳፈርኩ። ሾፌሯ ጉንቮር በመስታወት አየችኝ።

«ቢሮው ተቃጠለ እንዴ?»

«ክቫልስነስ ለምን እንደምትቆሚ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ሰሌዳው ቁሚ ስላለኝ ነዋ። አንድ ደቂቃ ሳሳልፍ የምትጮሁብኝ እናንተ አይደላችሁም?»

ክቫልስነስ ላይ ቤት አይታይም። መንገድ ዳር አንድ የእንጨት ሣጥን ብቻ አለ። ጉንቮር ከመቀመጫዋ ኋላ የመድኃኒት ቤት ማኅተም ያለበት ካርቶን አነሣች። ዕቃ በአውቶቡስ መላክ እኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው፤ ለዕቃ ብቻ የተሠራ ፌርማታ መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

ሣጥኑ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ። አይሊፍ ይባላሉ፤ የልብ መድኃኒታቸው በየሐሙሱ የሚመጣላቸው በዚህ ነው።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ከቶርላይቭ ጋር የምሠራ ነኝ። ፌርማታዎ ለምን ለሰው እንደተዘጋ ልጠይቅ ብዬ።»

«እኔ ነኝ ዝጋው ያልኩት። ካርታ ላይ ካወጣኸው ቱሪስቶች ድንኳን ተሸክመው ይመጡብኛል አልኩት። ሳቀብኝ። በል እሺ፣ ለካርቶኑ ብቻ አለ።» ካርቶኑን ታቀፉት። «ለመሆኑ የት ጠፋ? በፋሲካ ብቅ ይል ነበር።»

ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዲሱ ፕሮግራም ዝግ ፌርማታ አልቀበልም ብሏል» አልኩ። «ወይ እሰርዘዋለሁ፣ ወይ ለሰው እከፍተዋለሁ።»

«ብትሰርዢው ካርቶኔስ?»

«አራት ደቂቃዬን ከወሰዳችሁ መቆም አልችልም፤ አውቶቡሱን የሚያሻግረው ጀልባ ያመልጠኛል» አለች ጉንቮር ከበሩ ላይ።

አይሊፍ አገጫቸውን አከኩ። «ክፈቺው እንግዲህ። ድንኳን የያዘ ከመጣ ግን አንቺ ነሽ መጥተሽ የምታባርሪልኝ።»

በማግስቱ ሁለቱንም ክልከላ አነሣሁ። አራቷን ደቂቃ አልነካኋትም። ፋይሉ ያለ አንድ ቀይ ገባ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጉንቮር ከጀልባው ላይ ደወለችልኝ።

«ከክቫልስነስ አንድ ተሳፋሪ ጭኛለሁ። ሱፍ ለብሰዋል። ለቶርላይቭ መቃብር የትኛው ፌርማታ እንደሚቀርብ ይጠይቃሉ።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ይውረዱ» አልኩ። «እዚያ እጠብቃቸዋለሁ።»